ፍል ውኃውን ማን አገኘው?

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ እናንተም ትልልቆቹ ወሬያችሁን ተዉና ስሙኝ! ድሮ ድሮ፣ ስሟን እንጃ፣ ከተማ የሌላት አንዲት አገር ነበረች። ንጉሧ አንበሳ ብርድ አይችልም። ጫካ አጠገብ ድንኳን ያስተክልና ቀን ከሌት እሳት ያስነድዳል፤ እንጨቱ ሲያልቅ ‹‹ድንኳን ንቀሉ፣ አህያ ጫኑ!›› ይባላል። ሌላ ጫካ፣ ሌላ ጉዞ።

ድንኳኑን የምትሸከመው እመት አህያ ናት። ጀርባዋ ተልጧል፣ በዚያ ላይ እርጉዝ ናት። አንድ ሩቅ ጉዞ ከተጨመረባት ከነልጇ እንደማትተርፍ ታውቃለች፤ ፈርታለች። አንድ ቀን ሣር ፍለጋ ስትወርድ ምን ብታገኝ ጥሩ ነው? ከመሬት እየፈላ የሚወጣ ውኃ! ቀዝቃዛው ጅረት ከሚቀላቀልበት ዳር ገብታ ብትነከር ቁስሏ ተሻላት። ደስ ብሏት ለጎረቤቷ ለአያ ዝንጀሮ ነገረችው። አይ የዋህ፣ ለዝንጀሮ ምሥጢር ይነገራል?

ዝንጀሮ ሮጦ ንጉሡ ዘንድ ገባ። ያለ እንጨት የሚያሞቅ አገር አገኘሁ፣ ሹመቴን አዘጋጁልኝ አለ። እንጨቱ አልቆ ነበርና ሁሉም ጓዙን ይዞ ተከተለው። እሱ ከፊት ሆኖ ያስጎበኛል። አገሩን ቁልቁል የሚያሳይ ኮረብታ ላይ ያወጣቸውና ‹‹ማን አገኘው? እኔ!›› ይላል። ትልቅ ዝግባ ያሳያቸዋል፤ ‹‹ማን አገኘው? እኔ!›› ጎርፍ የፈለፈለውን ዋሻ ሲያዩማ ሁሉም አፉን ከፈተ። አህያ ድንኳኑን ተሸክማ ከኋላ እያቃሰተች ነው።

ፍል ውኃው ዘንድ ሲደርሱ ግን አላስቻላትም።

‹‹ጌታዬ፣ ይህን ያገኘሁት እኔ ነኝ›› አለች።

ዝንጀሮ ሳቀ። ለአህያ ጭነት እንጂ አገር ማግኘት ማን ሰጣት፣ እኔ በየማለዳው የምታጠብበት ነው አለ።

‹‹እንግዲያው ያገኘው ገብቶ ያሳየን›› አለ አንበሳ። ‹‹የዋሸው ድንኳኑን ተሸክሞ ሌላ ጫካ ይፈልግልኛል።››

ዝንጀሮ ልቅደም ብሎ፣ ውኃው ከሚንተከተክበት መሐል ዘሎ ዘፍ አለ። ወዲያው እየጮኸ ወጣ፤ የመቀመጫው ፀጉር እዚያው ቀረ። አህያ ጭነቷን አስወርዳ በዳር በኩል ቀስ ብላ ገባች፣ ዓይኗንም ጨፈነች። አንበሳ ተከትሏት መዳፉን ነከረ፤ ሙቀቱ እስከ አጥንቱ ገባና እንደ ግልገል ፈነደቀ።

‹‹ድንኳን ትከሉ፣ አህያ አራግፉ!›› ተባለ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልተነሣም። ድንኳኑ ቤት፣ ቤቱ ሠፈር፣ ሠፈሩ የአገር መዲና ሆነ። አህያም ዳሩ ላይ በሰላም ወለደች። ዛሬም ከየአገሩ የሚመጣ እንግዳ ኮረብታውን ወጥቶ፣ ዋሻውን አይቶ፣ ፍል ውኃው ውስጥ ተነክሮ ይሄዳል። ዝንጀሮ ግን አፍሮ ሸሸና ኑሮውን ገደል ላይ አደረገ፤ መቀመጫውም እንደቀላ ቀረ። በሰው ላብ ልክበር ያለ፣ መቀመጫው ተቀቀለ።