ኮከቡ የበተነው

ምንትዋብ የምትባል አንዲት ሴት ነበረች፤ ሥራዋ የፈነዱ ኮከቦችን ማጥናት ነው። ግዙፍ ኮከብ ዕድሜው ሲያበቃ ይፈነዳል፤ ሱፐርኖቫ ይሉታል። ከዚያ በኋላ እየሰፋ የሚሄድ የጋዝ ደመና ይቀራል። ምንትዋብ የምትመረምረው ያንን ደመና ነው።

እናቷ ሲስተር አመለወርቅ በአንዲት የገጠር ጤና ጣቢያ ሃያ ስድስት ዓመት እናቶችን ሲያዋልዱ ኖረው ሞቱ። ከዚያ ወዲህ አባቷ አቶ በሪሁን ሦስት ዓመት ሙሉ የሚስታቸውን ስም አልጠሩም። ሌላ ሰው ሲጠራው ተነስተው ይወጣሉ። ናፍቆት እንዲህ ያደርግ የለም? የምንወደውን ስም እንኳ ያስፈራናል።

አንድ ቀን አባትየው ለዓይን ሕክምና አዲስ አበባ መጡና ልጃቸው ቢሮ ጎራ አሉ። ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ፎቶ አዩ።

"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ከአንድ ኮከብ የቀረ ነው፣ አባዬ። ይኼኛው የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት የተነሳ፣ ያኛው ዘንድሮ። ምን ያህል እንደሰፋ ለክቼ፣ ወደኋላ አስልቼ፣ መቼ እንደፈነዳ አውቃለሁ። ብርሃኑን በየቀለሙ ስለየው ደግሞ ውስጡ ኦክስጅን፣ ብረት እንዳለ ያሳየኛል። በደማችን ያለው ብረት እኮ ከእንዲህ ዓይነት ኮከቦች የመጣ ነው።"

"ኮከቡስ? አይመለስም?"

"አይመለስም። የበተነው ግን ዛሬም እየሄደ ነው።"

አቶ በሪሁን ሁለቱን ፎቶዎች ደግመው አዩ። ከዚያ፣ "እናትሽ የሠራችበት ቦታ ትወስጂኛለሽ?" አሏት።

በሳምንቱ ሄዱ። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ነበር፤ ተቀመጡ። ከማዋለጃው ክፍል የምጥ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ የአንዲት ወጣት ነርስ ድምፅ ተከተለ፦ "አይዞሽ የኔ ዓለም፣ እዚሁ ነኝ። የትም አልሄድ።"

አቶ በሪሁን ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። "የሷ ቃል ነው" አሉ፤ "እኔንም ስታመም እንዲህ ነበር የምትለኝ።"

ነርሷ ስትወጣ ይህን ቃል ከማን እንደተማረችው ጠየቋት። "ሲስተር አመለወርቅ ናቸው ያስተማሩን" አለቻቸው። "እዚህ ሁላችንም እንዲሁ ነው የምንል። ሌላ ጣቢያ የተዛወሩትም እንደዚያው ይላሉ።"

ወገኖቼ፣ ናፍቆታቸው በረደ ብዬ አልዋሻችሁም። አልበረደም። በመመለሻው መንገድ ሁሉ ግን "አመለወርቅ፣ አመለወርቅ" እያሉ ስለሷ ሲያወሩ መጡ።

እናንተስ? የማን ስም ነው ቤታችሁ ውስጥ የማይጠራው? የማንን ፎቶ ነው ገልብጣችሁ ያስቀመጣችሁት? እግዚአብሔር የሰጣችሁን ሰው ስለናፈቃችሁ አይቆጣችሁም፤ ናፍቁ። ግን ተነሱ፤ ያ የምትወዱት ሰው የበተነውን ፈልጉ። ደግነቱ ማን ዘንድ ደረሰ? ጸሎቱን አሁን ማን ይጸልየዋል?

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ፣ እባካችሁ፣ ስሙን ጮክ ብላችሁ ጥሩት።