ሦስት ወር ታቀፈች የተባለችው ዶሮ

ተረት ተረት! ምነው ድምፃችሁ ሰለለ? ጠጋ በሉና ጮክ ብላችሁ ተቀበሉኝ። አዎ፣ እንዲህ ነው!

በድሮ ጊዜ፣ ወራት እንኳ አፍ አውጥተው በሚናገሩበት ዘመን፣ አንዲት ዶሮ ነበረች። ዓምና የታቀፈቻቸው ዕንቁላሎች ሁሉ ገምተውባት አንድም ልጅ አላየችም። ዘንድሮ ነሐሴ ሃያ አራት፣ በተክለ ሃይማኖት ዕለት እንደገና ታቀፈች። «እነዚህስ ካልሆኑልኝ ምን ዕድል አለኝ?» አለች። አንጀት ትበላ ነበር፣ ምስኪን። ከጎኗ የጣሪያ ጠፈጠፍ የምትቀበል አሮጌ ጋን ቆማለች።

ነሐሴ ያለቀ ዕለት ሽለምጥማጥ መጣ።

«እንደምን ዋልሽ እመት ዶሮ? አልፈለፈልሽም?»

«ገና ነኝ አያ ሽለምጥማጥ።»

«ነሐሴ እኮ አለቀ። አንድ በይ።» ይህን ብሎ ሄደ።

ጷጉሜ ያለቀች ዕለት ደግሞ መጣ።

«አሁንም አልፈለፈልሽም?»

«ገና ነኝ አያ ሽለምጥማጥ።»

«ጷጉሜም አለቀች። ሁለት በይ።» የዶሮዋ ልብ ፈራ።

በእንቁጣጣሽ ማግስት ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ያዘነ መስሎ አንገቱን ደፍቷል፤ እሱ ሌባ!

«እመት ዶሮ፣ ለመሆኑ ዕንቁላል በስንት ቀን ይፈለፈላል?»

«በሃያ አንድ ቀን። እናቴ እንዲያ ብላኛለች።»

«ነሐሴ አንድ፣ ጷጉሜ ሁለት፣ መስከረም ሦስት። የሦስት ሳምንቱን ነገር ሦስት ወር ታቀፍሽው! ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉ ሰምተሽ ይሆናል፤ ያንቺ ግን ገምቷል። ተነሺ፣ ወስጄ ልጣልልሽ። ለጎረቤት ብዬ ነው።»

ዶሮዋ በጥፍሮቿ ቆጠረች። ነሐሴ፣ ጷጉሜ፣ መስከረም። እውነትም ሦስት ነው። «ዘንድሮም?» ብላ አለቀሰች። እያለቀሰችም አንድ እግሯን አነሳች፣ ሌላውን አነሳች፣ ዕንቁላሎቹን ብርድ ነካቸው። ሽለምጥማጥ ምራቁን ዋጠ።

ያኔ ከጋኗ ውስጥ ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

«እማማ ዶሮ፣ ኧረ ተቀመጪ!»

«ማነሽ አንቺ?»

«ጷጉሜ ነኝ። የቤቱ እመቤት ዝናቤን ጠበል ነው ብላ እዚህ አጠራቅማኛለች። ወር ይሉኛል እንጂ እኔ ምን ወር ነኝ? ልጆቿ ጠዋት ጠዋት በኔ ውሃ ሲታጠቡ በብርዱ አልጮሁም? ስንት ጠዋት ጮሁ?»

ዶሮዋ አሰበች። «አምስት ጠዋት።»

«ያ ነው ዕድሜዬ። በይ ደምሪ። ከነሐሴ ስድስት ቀን ታቀፍሽ። የኔ አምስት ሲጨመር?»

«አስራ አንድ።»

«የመስከረም ሁለት ሲጨመር?»

«አስራ ሦስት።»

«እሱን ከሃያ አንድ ቀንሺ።»

ዶሮዋ እንባዋን እንኳ ሳትጠርግ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። «ስምንት! ገና ስምንት ቀን ይቀረኛል!» ሽለምጥማጥም አፍሮ ሹልክ ብሎ ሄደ።

(በሉቃስ ዘመን ጷጉሜ ስድስት ቀን ናት የምትለኝ አንተ ልጅ፣ ሰምቼሃለሁ። ያን ዓመት አምስት ነበረች። አታቋርጠኝ።)

«ጷጉሜ ልጄ፣ ትንሽነትሽ ይባረክ!» አለች ዶሮዋ።

«ወንድሞቼ ወራት ሚጢጢ እያሉ ይስቁብኛል፤ እኔም አፍር ነበር» አለች ጷጉሜ። «እንደነሱ ሠላሳ ብሆን ኖሮ ግን ልጆችሽ አልቀው ነበር።»

መስከረም አስር ሲነጋ ከዶሮዋ ሆድ ሥር ቋ፣ ቋ፣ ቋ አለ። ሽለምጥማጥ ወሬ ልስማ ብሎ ብቅ ሲል አፍንጫውን ነቁራ አባረረችው። ዕንቁላሉም በእግሩ ሄደ፤ ጫጩቶቹ እናታቸውን ተከትለው ጓሮውን ዞሩት። ከሁሉ የምታንሰውን ዶሮዋ ምን ብላ እንደጠራቻት ታውቃላችሁ፤ እስከዛሬም ከክንፏ ሥር አታወጣትም ይባላል።

እናንተም ልጆቼ፣ ሌላው የወር ስም ሲቆጥርላችሁ እናንተ ቀኑን ቁጠሩ። ቀኑ ሳይሞላ ከታቀፋችሁት አትነሡ።