ዳንቴል የለበሰው ማሽን

«ባትሪው ለመጨረሻ ጊዜ የተቀየረው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ የጥገና ሠራተኛው ምንተስኖት።

የማሽኑ ባለቤት ሳቀ። «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ራዲዮ አይደለም። የሚሠራው በኮረንቲ ነው።»

ሰውየው የአዳማ ሰው ነው። ድሮ ከታናሽ ወንድሙ ከልዑልሰገድ ጋር ጌም ቤት ነበራቸው፤ ቁም ሣጥን የሚያህል፣ ቆመው የሚጫወቱበት ማሽን ያለበት። ደንበኛ ሲጠፋ ሁለቱ ይጋጠሙበት ነበር። ከዚያ ተጣሉ። በምን? ዛሬ ብትጠይቋቸው ሁለቱም በደንብ አያስታውሱትም። ልዑልሰገድ ጅማ ገባ፤ ማሽኑ ሳሎን ገባ።

አያያዙን ልንገራችሁ። መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዳያቃጥለው ሶኬቱ ተነቀለ። ዳንቴል ለበሰ። እናንተ ከኋላ የምትስቁ፣ የእናንተስ ቴሌቪዥን ምን ለብሷል? ዳንቴሉ በየበዓሉ ይታጠባል። ሰውየውም በየበዓሉ ስልኩን ያነሣና «ታናሽ እሱ ነው፤ እሱ ይደውል» ብሎ መልሶ ያስቀምጠዋል። ማሽኑ አለ፤ ወንድሙም አለ። ምን ያስቸኩላል?

ዘንድሮ ሽማግሌ ገብቶ ልዑልሰገድ ለፋሲካ ሊመጣ ሆነ። ሰውየው «ይቅር በለኝ» ማለት ከአፉ አይወጣለትም። ማሽኑን አብርቶ «ና፣ እንጋጠም» ሊለው ነበር ሐሳቡ። ሶኬቱን ሲሰካው ስክሪኑ ሰማያዊ ብቻ ሆነ። ጨዋታው የለም።

ምንተስኖት የማሽኑን ጀርባ ፈትቶ ውስጥ የተበየደች ትንሽ ባትሪ አሳየው። ኮረንቲ ሲቋረጥ ጨዋታውን ይዛ የምትቆየው እሷ ነበረች።

ሰውየው አዲስ እንዲያስገባለት ለመነው።

«መቀየር የነበረባት ሳትሞት ነው» አለ ምንተስኖት። «አሁን አዲስ ባስገባም ማሽኑ የረሳውን አታስታውሰውም።»

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው ምን አጠፋ? አልሰበረውም። አልሸጠውም። ከብዙዎቻችን የተሻለ ጠብቆታል። አንድ ቀን ግን ውስጡን ከፍቶ አላየም።

እናንተስ ዳንቴል አልብሳችሁ ያስቀመጣችሁት ማንን ነው? እናታችሁን ነው? የልብ ወዳጃችሁን? «አለች እኮ፣ የት ትሄዳለች» ትላላችሁ። ፎቶዋን ወልውላችኋል፤ ደወላችሁላት ወይ? ፍቅር የሚሞተው ስንሰብረው ብቻ ይመስለናል። ተቀምጦም ይሞታል፤ ሲሞት ደግሞ ድምፅ የለውም። ያቺ ባትሪ ስትሞት እኮ እዚያው ሳሎን ምሳ እየተበላ ነበር።

ልዑልሰገድ መጣ። ሽማግሌዎቹ አስታርቀው፣ መርቀው ሄዱ። ልዑልሰገድ እንደ እንግዳ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ ተጠያየቁ። ከዚያ ወሬ አለቀባቸው።

ታላቅየው ጨንቆት ወደ ማሽኑ አመለከተ። «ባትሪው ሞቶ ነው እንጂ፣ አንድ ቀን እንኳ አቧራ አላስነካሁትም።»

ልዑልሰገድ ተነሥቶ ዳንቴሉን በጣቱ ዳበስ አደረገ።

«አዎ» አለ፤ «ዳንቴሉ ንጹሕ ነው።»