ማን ልበል?

አንድ ግንበኛ ነበረ፤ እንዳንቺው «ድሃ ነኝ፣ ሌባ ከእኔ ምን ያገኛል?» የሚል። ከአገሩ የወጣው ድምፁ ሳይጎረንን ነው። በሰው አገር ድንጋይ ሲጠርብ፣ ግድግዳ ሲያቆም ጎልምሶ ጢም አወጣ፤ ልቡ ግን አንዲት ደጃፍ ላይ ቀርታ ነበር።

ልጅ ሳለ ከውጭ ሲመጣ ከአጥሩ በር ላይ ይቆምና ድምፁን እንደ ሽማግሌ አጎርንኖ «ቤቶች! የመሸበት መንገደኛ ነኝ» ይል ነበር። እናቱም ልጇ መሆኑን እያወቀች «ማን ልበል?» ትላለች። «ጥላሽ!» ይላታል። «ጥላዬ» የሚለው ስም የሁለቱ ብቻ ነበር፤ ጎረቤት የሚያውቀው በሌላ ስሙ ነው። እየሳቀች ትከፍትለታለች። ግንበኛው መዶሻውን አስቀምጦ ባረፈ ቁጥር ያቺ «ማን ልበል?» ጆሮው ላይ ትመጣበታለች።

አንድ ቀን አንድ መንገደኛ ከሚሠራው ግድግዳ ሥር አረፍ አለ። ሰላምታ ሲሰጠው፣ በአነጋገሩ ለዛ ቁርጥ የአገሩ ሰው! ግንበኛው ምሳውን ፈትቶ አቀረበለት። አብረው በሉ፤ በማግሥቱም ደገሙ። መንገደኛው ሲጠይቅ አያዋክብም። ዛሬ የእናቱን ስም፣ ነገ ደጃቸው ላይ ያለውን ዋንዛ፣ ሌላ ቀን የላሟን ስም። ግንበኛው ሳይጠየቅም ይጨምርለት ነበር፤ ባወራ ቁጥር አገሩ ደርሶ የተመለሰ ይመስለዋል። ሞኝ አልነበረም እኮ፤ ናፍቆት ነው አፉን ያላላው። በመጨረሻ የበሩን ጨዋታ ነገረውና አለቀሰ። መንገደኛውም አብሮት አለቀሰ። ሲለያዩ ግንበኛው «አደራህን፣ በዚያ ካለፍክ እናቴን ሳምልኝ» አለው።

ሳመለት እንጂ! እናትየው ዓይኗ ደክሞ ነበር። ከበሩ ላይ ጎርናና ድምፅ ሰማች። «ማን ልበል?» አለች፤ «ጥላሽ» አላት። እየተደናቀፈች ወጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ለልጇ ያጠራቀመችውን እንባ ሁሉ ለዚያ ሰው አፈሰሰችለት። ለልጇ ያቆየችውን ማሳም ሰጠችው፤ አረሰ፣ በላ፣ «ልጄ» ተባለ።

ከርሞ ክረምቱ ሲወጣ ግንበኛው አገሩ ገባ። ከአጥሩ በር ላይ ቆሞ «ቤቶች!» አለ። «ማን ልበል?» ብሎ የመለሰለት የወንድ ድምፅ ነበር። ድምፁ የዚያ መንገደኛ መሆኑን አወቀ። «እማዬ፣ ጥላሽ ነኝ!» ብሎ ጮኸ።

«ጥላዬማ ይኸው ከጎኔ አለ። አንተ ደግሞ የማን ልጅ ነህ?» አለች እናትየው ከውስጥ።

ዋንዛውን ጠቀሰ፣ የላሟን ስም ጠራ። የሚለው ሁሉ ቀድሞት ተነግሯል። በገዛ አፉ የሰጠውን በገዛ አፉ ማስመለስ አቃተው። እናትየው ግን ልቧ አላርፍ አለ። ሁለቱንም ፊቷ አቁማ «ከቤት የወጣህ ዕለት ምን ብዬ መረቅኩህ?» ስትል ጠየቀች።

ሩቅ አገር የሚሄድ ልጅ ሳይመረቅ አይወጣም፤ ይህን የማያውቅ የአገር ሰው የለም። ሌባውም አላመነታም። «‹እሾህ አይውጋህ፣ እንቅፋት አይምታህ› አልሽኝ፣ እማዬ» አለ።

ግንበኛው አንገቱን ደፋ። ይህን ለማንም ተናግሮት አያውቅም፤ ያፍርበት ነበር። «አልመረቅሽኝም» አለ። «ተቆጣሽኝ፣ እኔም አኩርፌ ሳልሰናበትሽ ወጣሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ምርቃትሽ እንዳማረኝ አለሁ።»

እጇን ዘርግታ ፊቱን ዳሰሰች። ሌባው በጓሮ በኩል ሾልኮ ሄደ።

ማሳው ተመለሰ፤ ምርቃቱም ደረሰው። አንድ ነገር ግን አልተመለሰም። ከዚያ ወዲያ ልጅየው ውኃ ቀድቶ እንኳ ሲመለስ «ማን ልበል?» ትለዋለች፤ «ጥላሽ» ሲላት ትንሽ ዝም ትላለች። ያቺ ዝምታ ድሮ አልነበረችም። እናቱ ቤት እየኖረ፣ ያችን ሳትጠራጠር የምትከፍትለትን እናቱን እንደናፈቀ ቀረ።

እንግዲህ ልጄ፣ «ምን ይወስድብኛል?» አልሽኝ። አንቺን ነው የሚወስደው! ትናንት የደወለልሽ፣ በአገርሽ ለዛ ስምሽን ያቆላመጠው፣ «ከባንክ ነው» ብሎ የተወለድሽበትን ቀንና ስልክሽ ላይ የገባውን የምሥጢር ቁጥር የጠየቀሽ ሰው ያ መንገደኛ ነው። ቁጥሩን ከሰጠሽው አንቺን ሆኖ የባንኩን በር ያንኳኳል፤ አንቺ መስለሻቸው ይከፍቱለታል። አንቺ ስትደርሺ «ባለቤቷማ መጥታ ሄደች» ይሉሻል። እዚህ ከተማ ብቻሽን እንደሆንሽ፣ ያገርሽ ለዛ እንደሚያባባሽ አውቃለሁ፤ እኔንም ያባባኛል። ናፍቂ፣ ማን ከለከለሽ? ስልኩን ግን ዝጊበትና ራስሽ በምታውቂው ቁጥር ባንኩን ደውለሽ ጠይቂ። ደጅሽ ላይ የቆመው እሱ ነው፤ «ማን ልበል?» ባይዋ አንቺ ነሽ።