እርማቱን የነቀለ ሰው

አስካለ መምህሯን ጠየቀቻቸው፦ «መምህር፣ ለጋራው የኮምፒውተር ሥርዓት የላክሁት እርማት የአንድ ሰው ኮምፒውተር ላይ ድምፅ አጥፍቷል። ሰውየው የጻፈው ለእኔ ብቻ ነው። ሌላ የደረሰበት የለም። ጥፋቴን በአደባባይ ተናግሬ ስሜን ላጥፋ?»

እሳቸውም እንዲህ አሉ፦

አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበረ። ፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ በአሮጌ ላፕቶፕ ለባለጉዳይ ይጽፋል። ላፕቶፑ ዐመል ነበረበት፤ ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት ኪቦርዱ አይነቃም። ባለጉዳይ ቆሞ እየጠበቀ፣ አጥፍቶ እንደገና ያስነሣዋል።

ላፕቶፑ የሚሠራበት ሥርዓት የጋራ ነው፤ ማንም ገልጦ ያነበዋል፣ ማንም ያርመዋል። ሰውየው ከርነል የሚባለውን፣ ፕሮግራሙን ከዕቃው ጋር የሚያነጋግረውን እምብርት፣ ሁለት ክረምት ሙሉ አነበበ። ኪቦርዱን የሚያደነዝዘው ሲነቃ የሚላክለት አንድ ትእዛዝ መሆኑን ደረሰበት። ትእዛዙን አወጣው፤ ኪቦርዱ ነቃ። እርማቱን የከርነሉን የኪቦርድ ክፍል ለሚጠብቅ ኃላፊ ላከ፤ ተቀበሉት፤ እንደ ደንቡም ከሥሩ የሰውየው ስም ተጻፈ። ወሬው ተሰማና አንድ መሥሪያ ቤት ለባለሙያነት አጨው። ውሳኔው ሰኞ ነበር።

ዓርብ ዕለት ከአንድ የቆላ ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ጻፈችለት። «ካንተ እርማት ወዲህ ኪቦርዳችን አልነቃ አለ።»

አየው። ኮምፒውተሯ ከእሱ ላፕቶፕ ጋር አንድ ስም አለው፤ ሥሪቱ ግን የቀድሞ ነው፤ ያለዚያ ትእዛዝ አይነቃም።

«ዕቃሽ አርጅቷል» ብሎ መለሰላት።

«አዎ፣ አርጅቷል» አለች። «ግን እስከዚህ ሳምንት ይሠራ ነበር።»

ሰውየው ለእሷ የሰጠውን መልስ ከዚህ በፊት ሰምቶት ያውቃል። ልጅ ሳለ የላይኛው ጎረቤት የመስኖውን ቦይ ወደ ራሱ ማሳ ጠለፈው፤ የእናቱ ማሳ ደረቀ። ጎረቤትየው «መሬታችሁ ጭንጫ ነው» አላቸው። በዚያ ዓመት በቤታቸው የሆነውን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

በሚቀጥለው ጃንጥላ ሥር የሚጽፉት ሽማግሌ፣ ጋሽ ደምሰው፣ «ምነው ኢንጂነር፣ መርዶ የሰማህ ትመስላለህ?» አሉት። ነገራቸው።

«ታዲያ ሰኞ እስኪያልፍ አፍህን ብትይዝ ምናለ? የኪቦርድ ሙሾ ማክሰኞም ይወረዳል!»

«እስከ ማክሰኞ በሽተኛ ይሰለፋል፣ ጋሼ።»

ሁሉ በሚያነበው ስፍራ ጻፈ፦ «እርማቴ ይውጣ። ለእኔ ሲበጅ ሌላውን አፍርሷል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።» ስሙንም አኖረበት። እርማቱ ተነቀለ። የጤና ጣቢያው ኪቦርድ ነቃ፤ የእሱ ደነዘዘ። መሥሪያ ቤቱ ሰኞ ሌላ ሰው ቀጠረ።

ሰውየውና ሴትየዋ ሁለቱን ሥሪት የሚለይ ምልክት ሲፈልጉ ወር ፈጀባቸው። አገኙት፤ ትእዛዙ ለእሷ ይላካል፣ ለእሱ አይላክም። ሰውየው ዛሬም በዚያው አጥር ሥር ይጽፋል።

መምህሩ ወደ አስካለ ዞሩ።

«ያ ጸሐፊ አንቺ ነሽ፤ የኮምፒውተሩ ድምፅ የጠፋበት ሰው እንደ ጤና ጣቢያዋ ሴት ነው። በጋራ ሥራ ላይ ስም ከሥር የሚጻፈው የተጎዳ ሰው ማንን እንደሚጠራ እንዲያውቅ ነው። ስትመሰገኚበት የኔ ነው ያልሽው ስም፣ ስትጠሪበትም ያንቺው ነው። የጻፈልሽ ሰው ጠርቶሻል። አቤት በዪ።»