ከዋንዛው በታች

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ የማራኪ የሥራ አለቃ ጋሽ ደርበው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን እያሹ።

ማራኪ በልቧ «ተጀመረ» አለች። የጠየቀቻቸው አጭር ነገር ነው። በሆስፒታሉ ዳታቤዝ ውስጥ አንዲት ሕመምተኛ ሁለት ጊዜ ተመዝግባ ሁለት ካርድ ወጥቶላታል። ትርፉን ካርድ ልሰርዝ ብትል፣ የላቦራቶሪ ውጤቶች በካርዱ ቁጥር ስለተያዙ ዳታቤዙ እምቢ አላት። ቀኑን ሙሉ ስትታገል ውላለች። «ጋሼ፣ የሚከለክለኝን የዳታቤዙን ደንብ አጥፍቼ ብገላገልስ?» ነበር ያለችው።

ገበሬው በማሳው ጠርዝ ላይ አንድ ዋንዛ ነበረው። ጥላው ጤፉን አቀጨጨበት። በዚያ አገር ድንበር የሚነገረው በዛፍ ነው፤ የጎረቤቱ የባልቴቷ መሬት «ከዋንዛው በታች» ይባል ነበር። ስለዚህ ዛፍ የሚቆርጥ ሰው አስቀድሞ ጎረቤቶቹን ጠርቶ በቦታው የድንበር ድንጋይ ያቆማል። ገበሬው ግን ታክቶታል።

«ዛፉ የኔ፣ መጥረቢያው የኔ፤ የምን ጉባኤ ነው?» አለና ቆረጠው። ጉቶውንም ነቅሎ አረሰበት።

ክረምት ሲቃረብ ባልቴቷ መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጠች።

«ከየት ልጀምር?» አላት።

«ከዋንዛው በታች።»

«እማማ፣ የቱ ዋንዛ? እኔ የማየው እርሻ ብቻ ነው።»

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ገበሬውን «ዛፉ የነበረበትን ማልና አሳይ» አሉት። ሌባ አልነበረም። ወደዚህ ሄደ፣ ወደዚያ ተመለሰ፣ ቆመ። «አልምልም፤ ጠፋኝ» አለ። ነገሩ እስኪጣራ ማንም እንዳያርስ ተባለ። ዝናቡም አላፊ ነውና አለፈ፤ የባልቴቷ መሬት ጦም አደረ።

ጋሽ ደርበው ወደ ማራኪ ዞሩ።

«ዋንዛው ያ ካርድ ነው፤ ውጤቶቹ የባልቴቷ መሬት። ካርዱን በጉልበት ብታጠፊ ውጤቶቹ አይጠፉም። እዚያው ይቀመጣሉ፤ ግን የማን ናቸው? ሐኪሙ ቢጠይቅሽ አንቺም አታውቂም። የሴትዮዋ ደም ተመርምሮ፣ ውጤቱ ወጥቶ፣ መድኃኒት የሚያዝላት ታጣለች። ደንቡ የሚከለክልሽ ለዚህ ነው። እንደደከመሽ አያለሁ፣ ልጄ፤ እኔም ደክሞኛል። በይ፣ መጀመሪያ ውጤቶቹን አንድ በአንድ ወደ ደህናው ካርድ አዛውሪ። ከዚያ ሰርዢ፤ ያን ጊዜ እሺ ይልሻል።»