የሠላሳ ሺህ ልጆች አባት

ዶክተር መኩሪያው የዶሮ እርባታን በኢንተርኔት የሚያስተምሩ ስመ ጥር ሰው ነበሩ። የተማሪዎቻቸው ቁጥር ሠላሳ ሺህ ቢደርስም አንዱንም በስም አያውቁም። ከተማሪዎቹ አንዷ የሆነች የቡታጅራ ዶሮ አርቢ፣ ጫጩቶቿ ማለቅ ሲጀምሩ ጨንቋት ዘጠኝ ጊዜ ጻፈችላቸው። አንድም መልስ ሳይመጣ ግማሾቹ አለቁባት። የቀሩትን ያዳነችው አብረዋት የሚማሩ ሰዎችን ጠይቃ ነው።

በምረቃው ዕለት ተመራቂው ሁሉ የምስክር ወረቀቱን ሲቀበል ለዶክተሩ እጅ ይነሳል። እሷ ግን ወረቀቷን ተቀብላ ዝም ብላ አለፈች። ዶክተሩ ከነከናቸውና በድምፅ ማጉያ አስቆሟት።

«ስሚ አንቺ፣ መምህር አባት ነው። እኔ የሠላሳ ሺህ ልጆች አባት ነኝ። አባትነቴን ካመንሽ ተመልሰሽ እጅ ንሺ፤ ከካድሽ ደግሞ ወረቀቱን መልሺ» አሏት።

ሴትዮዋ ተመልሳ ከወገቧ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች።

«አባትነትዎንስ አልክድም፤ ወልዶ የጠፋም አባት ይባላል» አለች። «ወረቀቱን ግን አልመልስም ጌታዬ። ከጠፋ አባት ለልጅ የሚተርፈው ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ብቻ ነው።»